አውግስጢኖስና የልማድ ሰንሰለት፦ መጽሐፍ ቅዱስ በስም ስላልጠራው ነገር እንዴት እንወስን?

በወጣቶች መካከል የሚያገለግል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ። በጉባኤ ፊት በግልጽ አይነሣም። አብዛኛውን ጊዜ ስም ሳይጻፍበት በተጣጠፈ ወረቀት ይመጣል፤ አለዚያም ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በዝግታ ይጠየቃል። ግለ ወሲብ (ራስን በራስ ማርካት) ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? ጠያቂው ይህን ያመጣው ለክርክር አይደለም። ምናልባት ለወራት የጌታን እራት ሳይወስድ ቆይቶ ይሆናል። ምናልባትም ሃያ ጊዜ ንስሐ ገብቶ ሃያ አንደኛ ጊዜ ሲወድቅ፣ መጀመሪያውኑ ጌታን ተቀብዬ ነበር ወይ ብሎ መጠራጠር ጀምሮ ይሆናል።

መልስ የምንሰጠው ደግሞ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንሠራለን። አንዳንዶቻችን እናስፈራራለን። ዓይን ያጠፋል፣ ያሳብዳል፣ መካን ያደርጋል እንላለን። ይህ ፍርሃት በ18ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ እንደ ስዊሱ ሐኪም ቲሶ (1760) ባሉ ሰዎች መጻሕፍት የተስፋፋ ሲሆን የዛሬ ሕክምና አይቀበለውም። ሐሰት ተናግሮ ወደ ቅድስና መምራት አይቻልም። ሌሎቻችን ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ስላልተጻፈ ምንም አይደለም ብለን እናሰናብታለን። ወጣቱም ከሁለቱ መልሶች በአንዱም ሳይረዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እርግጥ ነው፣ ይህን ድርጊት በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ወይም የሚፈቅድ ጥቅስ የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአውናን ታሪክ (ዘፍ 38፥8-10) ለሞተው ወንድሙ ዘር ላለመተካት ስለ ፈጸመው በደል የሚናገር ነው። ሆኖም ቃሉ ስለ ምኞት (ማቴ 5፥27-30)፣ ስለ ሰውነታችንና ስለ ባርነት (1ቆሮ 6፥12-20) በግልጽ ይናገራል። ከዚህ የተነሣ ቃሉን የሚወዱ አማኞች እንኳ በመልሱ ይለያያሉ። አንዳንዶች ወሲብ ለጋብቻ ስለ ተሰጠ ድርጊቱ ምንጊዜም ኃጢአት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ኃጢአቱ ያለው በልብ ምኞት፣ በሚታየው ምስልና በባርነቱ ላይ ነው ይላሉ።

ዛሬ በዚህ ላይ አንድ ሌላ የጥቅስ ዝርዝር መጨመር አንፈልግም። ከዚያ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት እንመልከት። ይህ ሰው የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነው። ስለ ግለ ወሲብ ለብቻው የጻፈው መጽሐፍ የለም። ነገር ግን ስለ ሥጋ ምኞት፣ ስለ ልማድና ስለ ኅሊና የእርሱን ያህል ገበናውን ገልጦ የጻፈ የቤተ ክርስቲያን መሪ ማግኘት ያስቸግራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አብሮት የሚሄድ ያጣ ልጅ

አውግስጢኖስ በኖቬምበር 13 ቀን 354 በታጋስቴ ተወለደ። ታጋስቴ ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አሕራስ የምትባለው ከተማ ናት። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ ርስት የነበረው ሰው ሲሆን ወደ ክርስትና የመጣው በሕይወቱ መጨረሻ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አማኝ ነበረች።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ለከፍተኛ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ አንድ ዓመት ያለ ሥራ እቤት ተቀመጠ። በዚያ ጊዜ የሆነውን ነገር በኋላ «ኑዛዜዎች» በተባለው መጽሐፉ ጽፎታል። አንድ ቀን በሕዝብ መታጠቢያ ቤት አባቱ ልጁ ለአቅመ አዳም መድረሱን አየ። የልጅ ልጅ እንዳየ ያህል ደስ ብሎት ለሚስቱ ነገራት። ሞኒካ ግን ደነገጠች። ልጇን ለብቻው ወስዳ ከዝሙት፣ በተለይም ከሰው ሚስት እንዲርቅ መከረችው። እርሱም ምክሯን እንደ ሴት ወሬ ቆጥሮ ናቀው፤ እርሷን መስማት አሳፈረው።

ከዚህ ያለፈ ነገር አልተደረገም። አባት ተደሰተ፣ እናት አስጠነቀቀች፣ ከዚያ ሁለቱም ትኩረታቸውን ወደ ትምህርቱ መለሱ። ትዳር ትምህርቱን ያደናቅፈዋል ብለው ስለ ፈሩ ስለ ማግባት የተነጋገረ አልነበረም። ልጁ ስለ ሰውነቱ የሚማረው ከጓደኞቹ ነበር። እነርሱ በሠሩት ክፉ ሥራ ሲፎክሩ፣ እርሱ ከነርሱ እንዳያንስ ያልሠራውን ሁሉ ሠርቻለሁ ይል ነበር። ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላም በብዙ ቤት የሚሆነው ይኸው አይደለምን? በልጃችን ላይ ማስጠንቀቂያ እንጥላለን፤ አብረነው ግን አንሄድም።

ንጽሕናን መለመን፣ መልሱን መፍራት

በ371 ገደማ አውግስጢኖስ ወደ ካርቴጅ ሄደ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያም ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ መኖር ጀመረ። ስሟን በየትኛውም ጽሑፉ ላይ አልጻፈውም። ከእርሷም አዴዎዳጦስ የተባለ ልጅ ተወለደለት። የስሙ ትርጉም እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ሲኖሩ ለእርሷ ታማኝ ነበር።

በወጣትነቱ ያደርገው የነበረውን ጸሎት ኋላ ላይ በሐዘን ያስታውሳል። ንጽሕናን ይለምን ነበር፤ ግን ወዲያውኑ እንዳይሰጠው ይፈራ ነበር። ምኞቱ እንዲፈወስ ሳይሆን እንዲረካ ነበር የሚፈልገው። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የጸለይነው? ከአንደበታችን የሚወጣው ልመና አንድ ነው፤ ልባችን ግን ጌታ ቶሎ እንዳይሰማ ይመኛል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሮማዊውን የኪኬሮን መጽሐፍ አንብቦ እውነትን መፈለግ ጀመረ። ነገር ግን የገባው ማኒ ወደተባለው ሰው ተከታዮች ወገን ነው። በዚያም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። ማኒያውያን ዓለም የብርሃንና የጨለማ ውጊያ ናት፣ ሥጋም ከጨለማው ወገን ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህ ትምህርት ለአውግስጢኖስ አንድ የሚመች ነገር ሰጠው። ኃጢአት ሲሠራ የሚሠራው እርሱ ሳይሆን በውስጡ ያለ ሌላ ባሕርይ ነው ብሎ ማመን ቻለ። ጥፋተኛ አለመሆኑ ደስ ይለው እንደ ነበር፣ ስለዚህም በደሉን መናዘዝ እንዳልቻለ ኋላ ራሱ ይናገራል።

ዛሬም ይህ ማመካኛ በሌላ ልብስ ይመጣል። ተፈጥሮዬ ነው፣ ወንድ ነኝ፣ ሆርሞን ነው እንላለን። ሰውነት የራሱ አሠራር እንዳለው እውነት ነው፤ እግዚአብሔር የፈጠረውም መልካም ነው። ነገር ግን እኔ አይደለሁም ያለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር አይኖረውም። ይቅርታ ያልጠየቀ ደግሞ ነፃነትን አያገኝም።

ሚላን፦ አንዲት እናትና አንድ ትንሽ ጥያቄ

አውግስጢኖስ በ383 ወደ ሮም፣ በ384 ደግሞ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ወደ ሚላን ሄደ። በዚያ የሚላኑን ጳጳስ አምብሮስን አገኘ። መጀመሪያ ያዳመጠው ለአንደበቱ ማማር ሲል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ቃሉ ራሱ ልቡን ይነካው ጀመር።

በ385 ሞኒካም ልጇን ተከትላ ሚላን ደረሰች። እዚያም አንድ ነገር ግራ አጋባት። በሚላን ምእመናን ቅዳሜ አይጾሙም ነበር፤ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ይጾም ነበር። የትኛውን ትከተል? አውግስጢኖስ ያኔ እንዲህ ላለ ነገር ደንታ አልነበረውም። ግን ለእናቱ ብሎ አምብሮስን ጠየቀው። አምብሮስም እርሱ ራሱ በሮም ሲሆን ቅዳሜን እንደሚጾም፣ በሚላን ሲሆን ግን እንደማይጾም ነገረው። በሄዱበት ስፍራ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ልማድ መከተል ይሻላል፤ እንዲህ ያደረገ ሌላውን አያሰናክልም፣ ራሱም አይሰናከልም የሚል ነበር ምክሩ። ይህ መልስ ያኔ ትንሽ ቢመስለውም አውግስጢኖስ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ወደኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ዓመት አካባቢ ግን ከዚህ እጅግ የሚከብድ ነገር ሆነ። ለሥራ እድገቱ የሚመች ጋብቻ ተፈለገለትና ለአንዲት ልጅ ታጨ። ለዚህም ሲባል ለብዙ ዓመታት አብራው የኖረችው ሴት ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ሌላ ወንድ ላታውቅ ተስላ፣ ልጇን ለአባቱ ትታ ሄደች። የታጨችለት ልጅ ለጋብቻ እስክትደርስ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። አውግስጢኖስ ግን መጠበቅ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። ልቡ በመለያየቱ ቆስሎ እንደ ነበር ጽፏል፤ ነገር ግን የምኞት ባሪያ እንጂ ጋብቻን ወዳድ እንዳልነበረም አልሸሸገም። የተሰናበተችው ሴት የደረሰባትን በደል ማንም ታላቅ ስም ሊሸፍነው አይችልም። ምኞት የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አለመሆኑንም እዚህ ላይ እናያለን።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

በ386 አውግስጢኖስ በአእምሮው አምኖ ነበር። የክርስትና ትምህርት እውነት መሆኑን አልተጠራጠረም። የያዘው ልማድ ነበር። በዚህ ጊዜ ስለ ልማድ የጻፈው ትንታኔ ዛሬም ለምክር አገልግሎት የሚጠቅም ነው። ፈቃድ ሲጣመም ምኞት ይወለዳል። ለምኞት ሲገዙለት ልማድ ይሆናል። ልማድን ሳይቃወሙት ሲቀሩ የግድ ይሆናል። ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ ሰንሰለት እንደሚሆን ሁሉ እርሱም በሌላ ሰው ብረት ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ እንደ ታሰረ ተረዳ።

በነሐሴ ወር ገደማ ጶንጢክያኖስ የተባለ የአገሩ ሰው ሊጠይቀው መጣ። ጠረጴዛው ላይ የጳውሎስን መልእክታት አይቶ ስለ ግብጻዊው መናኝ ስለ እንጦንስ አወራለት። የእንጦንስን ታሪክ አንብበው ወዲያውኑ የቤተ መንግሥት ሥራቸውን ትተው ስለ ተነሡ ሁለት ሰዎችም ነገረው። አውግስጢኖስ ይህን ሲሰማ በራሱ አፈረ። ከጓደኛው ከአሊጲዮስ ጋር ወደ ቤቱ አትክልት ስፍራ ወጣ። እዚያም የቀድሞ ልማዶቹ ያለ እኛ መኖር ትችላለህን እያሉ የሚጎትቱት መሰለው። አልቅሶ ከበለስ ዛፍ ሥር ወደቀ።

በዚያን ጊዜ ከጎረቤት ቤት የልጅ ድምፅ ሰማ። ድምፁ አንሥተህ አንብብ የሚል ዝማሬ ይመስል ነበር። ሄዶ የጳውሎስን መጽሐፍ ገለጠና ዓይኑ ያረፈበትን አነበበ። ክፍሉ ሮሜ 13፥13-14 ነበር። በዚያ ክፍል ሐዋርያው ዝሙትንና መዳራትን ተዉ ብሎ አያበቃም፤ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስን እንደ ልብስ እንድንለብስ ያዛል። አውግስጢኖስ ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም። ለዓመታት በገዛ ጉልበቱ ሊያወልቀው ያልቻለውን አሮጌ ልብስ፣ ሌላ ልብስ ሲሰጠው ጣለው።

በ387 ፋሲካ ሌሊት እርሱ፣ ልጁ አዴዎዳጦስና አሊጲዮስ በአምብሮስ እጅ ተጠመቁ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሞኒካ በኦስትያ ወደብ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። ለዓመታት በእንባ የጸለየችለትን ልጅ በክርስቶስ አይታው ነበር። በ388 አውግስጢኖስ ታጋስቴ ገባ። አዴዎዳጦስም ብዙ ሳይቆይ ገና በወጣትነቱ ሞተ።

ጳጳሱና ሕልሙ

በ391 አውግስጢኖስ ወደ ሂፖ ሄደ። ሂፖ በዛሬዋ የአልጄሪያ ከተማ በአናባ አጠገብ የነበረች የወደብ ከተማ ናት። በዚያ ሕዝቡ ያዙትና እያለቀሰ ቅስና ተሾመ። በ395 ወይም በ396 ጳጳስ ሆነ። «ኑዛዜዎች» የተባለውን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው በ397 ገደማ ነው።

በመጽሐፉ አሥረኛ ክፍል ከአንድ ጳጳስ የማይጠበቅ ነገር እናነባለን። ካመነ ከአሥር ዓመት በኋላም የድሮ ልማዱ ምስሎች በትዝታው ውስጥ እንደ ቀሩ ይናገራል። ነቅቶ ሳለ ጉልበት የላቸውም። ተኝቶ ሳለ ግን በሕልሙ መጥተው ደስታን ብቻ ሳይሆን ፈቃደኝነትን የሚመስል ነገር እንኳ ያስከትላሉ። ታዲያ በዚያ ሰዓት እኔ እኔ አይደለሁምን ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሲነቃ ወደ ኅሊናው ሰላም እንደሚመለስና የሆነው እርሱ ያደረገው ሳይሆን በእርሱ ላይ የሆነ መሆኑን እንደሚረዳ ይገልጻል። ቢሆንም ዝም ብሎ አላለፈውም። ያዝናል፤ እግዚአብሔር ይህንንም እንዲፈውሰው ይለምናል።

ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ አውግስጢኖስ ሳይፈልግ የመጣበትንና ነቅቶ የመረጠውን ነገር ለይቷል። በእንቅልፉ ዘር ስለ ፈሰሰው ወይም ሳይጋብዘው ሐሳብ ስለ መጣበት ራሱን የሚኮንን ወጣት ይህን ሊሰማ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ድካሙን ጽፎ ለሕዝብ ሰጠ። ያፈረበትን በጨለማ አልደበቀውም። በእኛ ዘንድ ግን አገልጋይ ሆኖ በዚህ ነገር እታገላለሁ ማለት ከአገልግሎት መሰናበት ስለሚመስል ብዙዎች ለብቻቸው ይታገላሉ፤ ለብቻቸውም ይወድቃሉ።

ምግብ፣ ዜማና የነፃነት ጥያቄ

በዚያው ክፍል አውግስጢኖስ ሌሎች የሚያሻሙ ነገሮችንም ይመረምራል። ስለ ምግብ ሲጽፍ፣ ከሴት ጋር መተኛትን አንድ ጊዜ ቆርጦ መተው እንደቻለ፣ መብላትን ግን እንደዚያ መተው እንደማይቻል ይናገራል። የሰውነት ፍላጎት የት ላይ አብቅቶ ደስታን ማሳደድ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ልጓሙን ከመጠን በላይ ሳይለቁም ሳያጠብቁም መያዝ ያስፈልጋል ይላል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፖሲድዮስ እንደሚለው በማዕዱ ላይ ወይን ጠጅ አይጠፋም ነበር፤ ለእንግዶችና ለደካሞችም ሥጋ ይቀርብ ነበር። ይልቁን በጥብቅ የተከለከለው ሰውን ማማት ነበር፤ ሐሜተኛ በማዕዱ ስፍራ እንደሌለው የሚያሳስብ ጽሑፍ በጠረጴዛው ላይ ነበር።

ስለ መዝሙርም እንዲሁ ያመነታል። አንዳንዴ ዜማው ከቃሉ ይልቅ ሲማርከው ኃጢአት እንደ ሠራ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ዜማ ከቤተ ክርስቲያን እንዲወጣ እስከመመኘት ይደርሳል። መዝሙሩን እንደ ንግግር ያለ ጌጥ እንዲነበብ ያደርግ የነበረውን የእስክንድርያውን አትናቴዎስን ያስታውሳል። አትናቴዎስ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ ፍሬምናጦስን የሾመው አባት ነው። ከዚያ ግን አውግስጢኖስ ባመነበት ወራት በሚላን መዝሙር ሲሰማ ያፈሰሰውን እንባ ያስባል። በመጨረሻም ዜማ ደካማ ልብን ወደ አምልኮ ስለሚያነሣ ይቅር አይባልም ወደሚል ሐሳብ ያዘነብላል፤ የማይሻር ፍርድ አድርጎ ግን አያስቀምጠውም። ለራሱ ጥብቅ ሆነ፤ ለሌላው ሕግ አላወጣም።

በ400 ገደማ ደግሞ ያኑዋርዮስ የተባለ ሰው ስለ ልዩ ልዩ ልማዶች ጠየቀው። አውግስጢኖስ በመልሱ ከዓመታት በፊት አምብሮስ ለእናቱ የሰጠውን ምክር አነሣ። ቃሉ በግልጽ ያዘዘው ነገር አያከራክርም። ከእምነትና ከመልካም ሥነ ምግባር ጋር የማይጋጭ፣ በየአገሩም የሚለያይ ነገር ግን በነፃነት የሚያዝ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የጌታን እራት በየቀኑ ስለ መውሰድ ነበር። አንዱ በየቀኑ ይወስዳል፤ ሌላው አይገባኝም ብሎ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይወስዳል። አውግስጢኖስ ሁለቱን በዘኬዎስና በመቶ አለቃው መሰላቸው። ዘኬዎስ ጌታን በደስታ ወደ ቤቱ ተቀበለ (ሉቃ 19)፤ መቶ አለቃው ከቤቴ ጣሪያ በታች ልትገባ አይገባኝም አለ (ማቴ 8)። ሁለቱም አከበሩት፤ እርስ በርሳቸውም አልተጣሉም። ይህ የሮሜ 14 መንፈስ ነው። በሁለተኛው ደብዳቤውም እግዚአብሔር ነፃ ባደረገው ሃይማኖት ላይ ሰዎች በየጊዜው የሚጭኑት የትእዛዝ ሸክም እንደሚያሳዝነው ጻፈ።

ጨክን ለሚል መካሪ የተሰጠ መልስ

ከዚህ በኋላ የአውግስጢኖስን ዘመን የያዘው ከጴላግዮስ ጋር ያደረገው ክርክር ነው። ጴላግዮስ በሮም የተከበረ መምህር ነበር። በ«ኑዛዜዎች» ውስጥ አውግስጢኖስ እግዚአብሔር የሚያዘውን ራሱ እንዲሰጠው የለመነበት ጸሎት ሲነበብ ሰምቶ ተቆጣ። ሰው ከፈቀደ መታዘዝ ይችላል ብሎ ያምን ነበርና እንዲህ ያለው ጸሎት ስንፍናን የሚያስተምር መሰለው። አውግስጢኖስ ግን በሚላን አትክልት ስፍራ የሆነውን አልረሳም። መፈለግ ብቻውን እንዳላዳነው ያውቃል። በ418 በካርቴጅ የተሰበሰበው ጉባኤ የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ።

አውግስጢኖስ የሄደው በሁለት ገደሎች መካከል ነው። ማኒያውያን ጥፋተኛው አንተ አይደለህም ብለው አጽናኑት፤ ጴላግዮስ ደግሞ ጨክንና ተው ብሎ መከረ። አንዱ ንስሐን፣ ሌላው ጸጋን ከሰው ይወስዳል። ዛሬም አንድ ወጣት በዚህ ትግል ሲመጣ ከሁለቱ የአንዱን ምክር ሰጥተን እናሰናብተዋለን።

ይህ ሲባል አውግስጢኖስ የማይሳሳት ሰው ነበር ማለታችን አይደለም። ጋብቻን መልካም ነው ብሎ ቢሟገትለትም፣ ባልና ሚስት ልጅ ለመውለድ ካልሆነ በቀር የሚያደርጉትን ግንኙነት ትንሽም ቢሆን ኃጢአት አድርጎ ቆጥሮታል። የአውናንንም ታሪክ ያነበበው በዚህ ዓይን ነው፤ በትዳር ውስጥ መውለድን ስለ መከላከል እንደሚናገር ቆጥሮ ጽፎበታል። እኛ ግን በ1ቆሮ 7፥3-5፣ በምሳሌ 5፥18-19 እና በመኃልየ መኃልይ የምናነበው ከዚህ የሰፋ ነው። የቀድሞ ኑሮው ቁስል ትምህርቱን ሳይጫነው አልቀረም። ይህም ለእኛ ትምህርት ነው። ከአንድ ኃጢአት በብርቱ ያመለጠ ሰው እግዚአብሔር የባረከውን ነገር እንኳ እንዳይፈራ መጠንቀቅ አለበት።

በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ መዝሙራት

በ430 ቫንዳሎች ሂፖን ከበቡ። በከበባው ሦስተኛ ወር አውግስጢኖስ በትኩሳት ታመመ። ከዳዊት መዝሙራት ውስጥ የንስሐዎቹን አስገልብጦ በአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ አሰቀላቸው። እያነበበም ያለቅስ ነበር። ለአሥር ቀናት ያህል ሐኪሞች ሲመጡና ምግብ ሲገባ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይገባበት ጠይቆ በጸሎት ቆየ። በኦገስት 28 ቀን በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ለአርባ ዓመት ያህል ያገለገለ ሰው በመጨረሻ የተደገፈው በአገልግሎቱ ላይ ሳይሆን በእግዚአብሔር ምሕረት ላይ ነበር።

ታዲያ ያ ወረቀት ለጻፈው ወንድም ወይም እኅት ምን እንበል?

በመጀመሪያ፣ ግልጽ የሆነውን ግልጽ እናድርግ። ሌላውን ሰው በልብ መመኘትና ለዚያ ተብሎ የተሠራ ፊልምና ምስል መመልከት የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም፤ ጌታ ራሱ ተናግሮበታል። በተግባር ደግሞ ግለ ወሲብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ተለይቶ አይገኝም። ስለዚህ ቃሉ በስም አልጠራውም የሚለው መከራከሪያ ብዙ ርቀት አይወስደንም።

ቀጥሎ፣ ባልተጻፈው ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ነገር ሠልጥኖብኛልን (1ቆሮ 6፥12)? ልተወው ብል እችላለሁን ወይስ ቀለበቱ ሰንሰለት ሆኗል? በጌታ ፊት በእምነትና በምስጋና ላደርገው እችላለሁን (ሮሜ 14፥6 እና 23)? ለወደፊት ትዳሬ ወይም ላለኝ ትዳር ፍቅርን ያስተምረኛል ወይስ ራሴን ብቻ መፈለግን? እነዚህን በሐቀኝነት የጠየቀ ሰው መልሱን ለማግኘት ብዙም አይቸገርም። እኛ ግን ይህ ነገር ለእግዚአብሔር ለተለየ ሕይወት የሚስማማ አይደለም ብለን እናምናለን። ከዚህ በጥቂቱ የሚለየውን ወንድም ግን አንኮንነውም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ለብቻህ አትታገል። አውግስጢኖስ በአትክልት ስፍራው አሊጲዮስ ነበረው። የምታምነው አንድ የበሰለ አማኝ ፈልግ፤ ለእኅቶችም እንዲሁ የበሰለች እኅት። ጸልዩ፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ ሌሊት የት እንደሚያድሩ እንኳ ተነጋገሩ።

በመጨረሻም፣ ከጌታ ማዕድ የራቅህ ወንድሜ ሆይ፣ ሐዋርያው ሰው ራሱን እንዲመረምር ያዘዘው እንዲቀር ሳይሆን መርምሮ እንዲበላ ነው (1ቆሮ 11፥28)። እንደ መቶ አለቃው አይገባኝም ማለትህ እውነት ነው፤ ጌታ ግን በዘኬዎስ ቤትም ገብቷል። ኃጢአትህን ተናዝዘህ ተነሣ። መውደቅህ ከፊቱ እንድትሸሽ አያድርግህ፤ ሰንሰለቱን የሚበጥሰው እርሱ ነውና።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።